የሱሉልታው ኩሬ፦ ጉርጦቹን መለያየት ይገባል? ኒውትስ ይጨመር?

የቀረበልኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሱሉልታ ውስጥ ለጓሮ አትክልት ማጠጫ ኩሬ ቆፍሬ ጂኦሜምብሬን (ውኃ እንዳይሰርግ የሚያደርግ ወፍራም ፕላስቲክ) ካነጠፍኩበት ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ በደንብ በጣለ በመጀመሪያው ምሽት በባትሪ ሳይ አምስት የሚሆኑ ጉርጦች አንዷን ተጭነዋት ነበር። በእንጨት ላለያያቸው ሞከርኩ፤ የላይኛው ግን አልለቅም አለ። ጠዋት ስመለስ ሴቷ ሞታ ተንሳፋ አገኘኋት። የእህቴ ልጅ ጠብ ነው ይላል፤ ባለቤቴ ጠለፋ ነው ትላለች። ይኸው ልጅ በስልኩ የኒውት ቪዲዮ አሳይቶኝ ‹እኛም ኩሬ ውስጥ አለ› አለኝ፤ እውነትም አራት እግርና ጭራ ያለው ትንሽ ነገር አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው አግኝቶ ጥንድ ኒውት ሊገዛና ኩሬው ውስጥ ሊጨምር ይፈልጋል። ጉርጦቹን መለያየት ነበረብኝ? ኒውቱ ቢጨመርስ ምን ይጎዳል?»

ከመጨረሻው እጀምራለሁ፤ የቀረው ስህተት የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ኩሬዎ ውስጥ ኒውት የለም፤ ሰው አምጥቶ ካልጨመረው በቀር ሊኖርም አይችልም። ኒውት ከሳላማንደር ወገን የሆነ፣ ካደገም በኋላ ጭራው የማይጠፋ እንቁራሪት አስተኔ (እንደ እንቁራሪት በውኃም በየብስም የሚኖር እንስሳ) ሲሆን፣ በተፈጥሮ የሚገኘው በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ፣ ከአፍሪካ ደግሞ በሰሜኑ ጠርዝ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። ከሰሃራ በስተደቡብ አንድም የሳላማንደር ዝርያ በተፈጥሮ አይኖርም። ኢትዮጵያ ከ60 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ያሏት፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌላ አገር የማይገኙባት አገር ናት፤ ይሁን እንጂ ሁሉም እንቁራሪቶችና ጉርጦች ናቸው ማለት ይቻላል። ከዚህ የሚወጣው በደቡብ ምዕራብ ደኖች አፈር ውስጥ የሚኖረው፣ እግር የሌለውና ትል የሚመስለው ሲሲሊያን የሚባለው ወገን ብቻ ነው።

እርስዎ ያዩት አራት እግርና ጭራ ያለው ነገር አድጎ ሊጨርስ ጥቂት ቀን የቀረው የእንቁራሪት ወይም የጉርጥ እጭ ነው። እጩ በመጀመሪያ ራስና ጭራ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ የኋላ እግሮቹ ይወጣሉ፤ በመጨረሻ የፊት እግሮቹ ቆዳውን በስተው ብቅ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ጭራው በሰውነቱ ውስጥ ሟሙቶ እስኪያልቅ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ፍጡሩ ትንሽ እንሽላሊት ይመስላል። የእህትዎ ልጅ እርግጠኛ መሆን ከፈለገ በነጭ ሳህን ውኃ ቀድቶ፣ ከእግሮቹ የትኞቹ ቀድመው እንደወጡ ይመልከት። በእንቁራሪት እጭ የኋላዎቹ ይቀድማሉ፤ በኒውት እጭ የፊቶቹ። የኒውት እጭ በተጨማሪ በአንገቱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተበተኑ ስንጥቦች አሉት፤ እነዚህን በሱሉልታ ሜዳ ላይ የትም አያገኛቸውም። ቅርፊት፣ ጥፍርና ደረቅ ቆዳ ያለው ከሆነ ደግሞ ወደ ኩሬው የወደቀ እንሽላሊት ነውና አውጥቶ መልቀቅ ነው።

ወደ ጉርጦቹ ስንመጣ፣ ልጁ «ጠብ ነው» ማለቱ ግማሽ እውነት አለው። በእርግጥ ጠብ አለ፤ ጠቡ ግን በወንዶቹ መካከል ነው እንጂ ከሴቷ ጋር አይደለም። «ጠለፋ» የሚለውን ግን አልቀበለውም። ሰው በሰው ላይ የሚፈጽመውን፣ በሕግም የሚያስጠይቀውን ወንጀል ለእንስሳ ማልበስ እንስሳውንም አያስረዳንም፣ ወንጀሉንም ያቀልለዋል። ትክክለኛው ጥያቄ የጉርጥ ወንድ ለምን መያዝ ብቻ ያውቃል፣ በቪዲዮው ላይ ያለው የኒውት ወንድ ደግሞ ለምን ሳይነካት ያባብላታል የሚለው ነው። መልሱ እንቁላሉ የት እንደሚዳብር በማየት ይገኛል።

በጉርጥና በአብዛኞቹ እንቁራሪቶች ዘንድ እንቁላል የሚዳብረው ከሴቷ አካል ውጭ፣ ውኃው ውስጥ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ስትለቅ ወንዱ በዚያችው ቅጽበት ዘሩን ካላፈሰሰበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ በዚያች ሰዓት ጀርባዋ ላይ መገኘት ግዴታው ነው፤ ያችም ሰዓት መቼ እንደምትመጣ እርሱ አይወስንም። በብብቷ ሥር እጆቹን አቆላልፎ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ሳይለቅ የሚቆየው ለዚህ ነው። በመራቢያ ወቅት በእጁ ጣቶች ላይ እንደ አሸዋ ወረቀት የሻከረ ጠቆር ያለ ቆዳ ይወጣለታል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ይረግፋል። የእርስዎ እንጨት ያላላቀቀው ይህ ነው። ወንዱ በሚገፋበት መጠን ይበልጥ ያጠብቃል፤ እየተገፋ ያለው በተቀናቃኝ ወንድ ነው የሚል እንጂ ሰው ሊረዳ መጥቷል የሚል ስሜት የለውም።

አምስት ወንድ ለአንዲት ሴት የሆነበት ምክንያትም ወንዶች በዝተው ስለተወለዱ አይደለም። ወንዶቹ ዝናቡ እንደጣለ ወደ ውኃው ወርደው ሌሊት ሌሊት ይጮኻሉ፤ ብዙ ሌሊቶችም ይቆያሉ። ሴቷ ግን እንቁላሏ ሲደርስ ብቻ መጥታ፣ ጥላ፣ በዚያው ሌሊት ወይም በማግስቱ ወደ ሣሩ ትመለሳለች። ስለዚህ በየትኛውም ምሽት ኩሬው ዳር ብትቆሙ ወንዶቹ በዝተው፣ ሴቶቹ አንሰው ታገኛላችሁ። ሰኔ ላይ ለሳምንታት ደርቆ የነበረ መሬት በአንድ ዝናብ ሲርስ ደግሞ ሁሉም በአንድ ሁለት ሌሊት ተሰብስቦ ይመጣል፤ ግፊያው በጣም የሚከፋው ያኔ ነው።

ሴቷ ምርጫ የላትም ማለት ግን አይደለም። ምርጫዋ ከመያዟ በፊት ነው። ከሩቅ ጩኸቱን ሰምታ ወደምትፈልገው ድምፅ ታመራለች፤ በብዙ ዝርያዎች ወፍራም ወይም ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም ጩኸት ይበልጥ ይስባታል። ወንዶቹም ይህንኑ ድምፅ እርስ በርስ ለመመዛዘን ይጠቀሙበታል። ቲም ሃሊዴይ የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በአውሮፓው ጉርጥ ዘንድ ሴት የያዘውን ወንድ ሊነጥቅ የሚመጣ ሌላ ወንድ የመከላከያ ጩኸቱን ሰምቶ ጉልበቱን ይገምታል፤ ድምፁ ወፍራም ከሆነ ባለቤቱ ትልቅ ነው ብሎ ብዙ ጊዜ ይተወዋል። በስህተት በሌላ ወንድ የተያዘ ወንድ ደግሞ «ልቀቀኝ» የሚል አጭርና ተደጋጋሚ ድምፅ ያሰማል፤ ያኔ ያዡ ይለቃል። ችግሩ ዝም የሚል ነገር ሁሉ ለእርሱ ሴት መምሰሉ ነው። እኔ ራሴ በሰንዳፋ አቅራቢያ በአንድ የመስኖ ቦይ ዳር በሌሊት ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ ወንድ ጉርጥ የላስቲክ ቦት ጫማዬን ጫፍ አቅፎ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቷል። እግሬን ባወዛወዝኩ ቁጥር ሆዱን ጫማው ላይ ለጥፎ ጣቶቹን ይበልጥ ያስገባ ነበር። ቦት ጫማዬ «ልቀቀኝ» የሚል ድምፅ ስለሌለው በጣቶቼ ቀስ ብዬ ጎኖቹን ጫን ማለት ነበረብኝ።

የኒውቱ ቪዲዮ ሌላ ታሪክ ነው፤ ልጁ ስለወደደውም አልፈርድበትም፤ ከእንስሳት መተጫጨት ውስጥ እንዲህ የረቀቀ ጥቂት ነው። ስለ አውሮፓው ለስላሳ ኒውት ልንገርዎ፤ በደንብ የተጠናው እርሱ ነው። አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ወንድ በአውሮፓ የፀደይ ወራት ወደ ኩሬ ሲወርድ ከራሱ እስከ ጭራው ጫፍ የሚዘልቅ፣ እንደ አሳ ክንፍ ስስ የሆነ ሞገዳማ የቆዳ ጉትያ ያወጣል፤ ሰውነቱ በጥቁር ነጠብጣብ ይሞላል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ ፆታዊ ምርጫ በጻፈ ጊዜ የዘመዱን የባለ ጉትያውን ኒውት ጌጥ ከምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎታል። ጉትያው የጦር መሣሪያ አይደለም፤ አይወጋበትም፣ አይማታበትም። ወቅቱ ሲያልቅ ይሟሟና ወንዱ እንደ ሴቷ ልሙጥ ይሆናል።

ወንዱ ሴቷን ካገኘ በኋላ አይይዛትም። ቀድሟት ይዞርና ፊት ለፊቷ ወይም በስተጎኗ ይቆማል። በመጀመሪያ ጭራውን ዘርግቶ ያሳያታል። ቀጥሎ በድንገት ጭራውን በኃይል ያወናጭፈዋል፤ የውኃው ግፊት ሴቷን ወደ ኋላ ሊገፋት ይችላል። ከዚያ ጭራውን ወደ ገዛ ጎኑ አጥፎ ጫፉን በፍጥነት ያርገበግባል፤ ይህ ከሁሉም ዋናው ነው፤ ከሆዱ ሥር ካለ ዕጢ የሚወጣው ፌሮሞን የሚባል ኬሚካል በዚያ ስስ የውኃ ጅረት ተሳፍሮ በቀጥታ ወደ ሴቷ አፍንጫ ይሄዳል። በዓይን ለሚያይ ሰው ጭፈራ ነው፤ ለሴቷ ግን በአብዛኛው ሽታ ነው። ከእንቁራሪት አስተኔዎች ሁሉ ማንነቱ መጀመሪያ የታወቀው ፌሮሞን እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓን ተመራማሪዎች ከቀይ ሆዱ የጃፓን ኒውት ያገኙት ሲሆን፣ ስሙን ሶደፍሪን ብለውታል፤ ይህም በጥንታዊ ጃፓንኛ እጅጌን እያወዛወዙ ፍቅርን መግለጥ ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። በእኛ ቢሆን ኖሮ ነጠላ ማወዛወዝ እንለው ነበር።

ሴቷ ፈቃደኛ ካልሆነች ጥላው ትሄዳለች፤ ወንዱም ተከትሎ እንደገና ከመጀመር በቀር የሚያደርገው የለም። ከፈቀደች ወደ እርሱ ትጠጋለች። ያኔ ይዞርና ጀርባውን ሰጥቷት ቀስ እያለ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ትንሽ ሄዶ ይቆማል፤ ጭራውን ያንቀጠቅጣል። አፍንጫዋን ጭራው ላይ ስታስነካ፣ ዘሩን በዝልግልግ ነገር ላይ የተቀመጠ ትንሽ ጥቅል አድርጎ ኩሬው ወለል ላይ ይጥላል። ከዚያ የአንድ ሰውነት ርዝመት ያህል ወደ ፊት ሄዶ በጎኑ ተጋድሞ መንገዷን ይዘጋል። ልኬቱ እንዲህ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እርሷ ጎኑን ነክታ ስትቆም የኋላ ቀዳዳዋ በትክክል ጥቅሉ ላይ ይሆንና ታነሣዋለች። እንቁላሉ የሚዳብረው በእርሷ አካል ውስጥ ነው፤ ሆኖም በሁለቱ መካከል ግንኙነት አልተደረገም። ወንዱ ሊይዛት የማያስፈልገው፣ በግድ መውሰድም የማይችለው ለዚህ ነው፤ ጥቅሉን የምታነሣው እርሷ ናት። ብዙ ጊዜም ትስታለች፤ የወደቀው ጥቅል እዚያው ይቀራል።

በዚህ ላይ ትንፋሽ አለ። ኒውት ሳንባ ስላለው አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ወንዱ ግን በመሐል ቢወጣ ሴቷ ትሄድበታለች። ሃሊዴይና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1976 ይህንኑ አጥንተው፣ ወንዱ መተጫጨቱ እስኪያልቅ ትንፋሹን ይዞ እንደሚቆይና እንዳበቃ በፍጥነት ወደ ላይ እንደሚተኮስ አሳይተዋል።

እንግዲህ የወንዶቹ ፉክክር በኒውት ዘንድ የት ላይ ነው ቢሉ፣ በጡንቻ ሳይሆን በማታለል ነው። አንድ ወንድ ሴቷን እየመራ ሲሄድ ሁለተኛው ከኋላ ሾልኮ በሁለቱ መካከል ይገባና፣ ልክ እንደ ሴት አፍንጫውን የፊተኛው ጭራ ላይ ያስነካል። የፊተኛው ሴቷ የነካችው መስሎት ጥቅሉን ይጥላል፤ በአንድ ምሽት ሊጥል የሚችለው ጥቅል ጥቂት ስለሆነ ኪሳራው ቀላል አይደለም። ሰርጎ ገቡ በዚያው ቅጽበት የራሱን ጥቅል ጥሎ ሴቷን ወደዚያ ሊመራት ይሞክራል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው ባለ ነጠብጣብ ሳላማንደር ደግሞ ከዚህም አልፎ የራሱን ጥቅል በተቀናቃኙ ጥቅል ላይ ይደርባል። አንዳቸውም አንዳቸውን አላቆሰሉም፤ ጠቡ ግን የጉርጦችዎን ያህል መራራ ነው።

ቪዲዮው የማያሳየው ሌላም አለ። ኒውት ሁሉ ጨዋ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የሚኖረው ሻካራ ቆዳ ያለው ኒውት ሴቷን ከላይ አቅፎ ለረጅም ሰዓት ይዞ ይቆያል፤ ሌሎች ወንዶች እየተደረቡ አንዲትን ሴት መሐል ያደረገ የኒውት ኳስ የሚሠሩበት ጊዜም አለ። በሞሮኮና በስፔን የሚኖረው ባለ ስለታም ጎድን ኒውት ደግሞ ከሴቷ ሥር ገብቶ እጆቹን በእጆቿ ላይ ቆልፎ ይሸከማታል። ስለዚህ ጉርጥ ባለጌ፣ ኒውት ጨዋ ብሎ መክፈል አያዛልቅም።

አሁን ወደ ሞተችው ሴት እንመለስ። ወንዶች ተደራርበው በሚይዙበት ጊዜ ሴት ጉርጥ አየር አጥታ መሞቷ በተፈጥሮ ኩሬም የታወቀ ነገር ነው፤ በእርስዎ ኩሬ ግን ዋናው ጥፋት የጂኦሜምብሬኑ ይመስለኛል። በሱሉልታ ሜዳ ላይ ዝናብ ሲጥል የሚሞላ ረግረግ ዳሩ ዝቅ ያለ፣ ሣር የበዛበት ስለሆነ፣ ሁለት ሦስት ወንድ የተሸከመች ሴት ወደ ጥልቀት የሌለው ቦታ ተንፏቅቃ ራሷን ከውኃ በላይ ታደርጋለች። የተነጠፈው ኩሬ ግን ዳሩ ቀጥ ያለ፣ ገጹ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ነው። የምትቆምበት የለም፤ የምትይዘው የለም፤ ሸክሟን ይዛ ስትዋኝ ታድራለች። እንጨቱም ሳይጎዳ አልቀረም፤ ወንዶቹ ተቀናቃኝ የመጣ መስሏቸው አጥብቀው፣ ያንኑ የዕረፍት ሰዓቷን ነጥቀዋታል። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርዎ፦ አይለያዩአቸው፤ መውጫ ይሥሩላቸው። ከሰኔ በፊት፣ ውኃው ዝቅ ብሎ ሳለ፣ ቢያንስ በሁለት ተቃራኒ ዳሮች አሸዋና አፈር የሞሉ ማዳበሪያዎችን እንደ ደረጃ ደርድረው፣ ከኩሬው ከንፈር እስከ ወለሉ የሚወርድ ዝቅዝቅ መንገድ ያብጁ፤ ላዩን ሻካራ ጆንያ ያልብሱት። ውኃው በመስኖ ምክንያት ከፍና ዝቅ ስለሚል መንገዱ በየትኛውም ከፍታ ላይ ውኃውን መንካት አለበት፤ ከላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሰሌዳ ውኃው ሲጎድል ዋጋ የለውም። ድንጋይ ቢጠቀሙ ስለት የሌለው ይሁን፤ ጂኦሜምብሬኑ ከተበሳ ሌላ ራስ ምታት ነው። ቅርንጫፍ ማስገባት ቢያምርዎ ባሕር ዛፍ አይሁን፤ ቅጠሉ እየበሰበሰ ውኃውን ያጠቁረዋል። የፓምፑን መምጠጫ በጥሩ ወንፊት ይሸፍኑት፤ አለዚያ እጮቹ ወደ ጎመኑ ይሄዳሉ። በጀርባ የሚታዘለውን የፀረ ተባይ መርጫ በምንም ዓይነት ኩሬው ውስጥ ወይም ዳሩ ላይ አይጠቡ፤ የእንቁራሪት ቆዳ ውኃና አየር የሚያሳልፍ ስለሆነ መርዙንም ያሳልፋል።

መውጫው ከተሠራ በኋላም አልፎ አልፎ አንዲት ሴት ልትሞት ትችላለች። ያንን ሙሉ በሙሉ የሚያስቀር ዘዴ የለኝም፤ ሊኖርም አያስፈልግም። በዓይንዎ ፊት አንዲት ሴት ከነሸክሟ ለረጅም ጊዜ ሰጥማ ቢያዩ፣ ሁሉንም አንድ ላይ በሰፊ ወንፊት ወይም በባልዲ አንሥተው እርጥብ ሣር ላይ ያስቀምጧቸው፤ ከተደራቢዎቹ ብዙዎቹ በራሳቸው ይለቃሉ፤ አንዱ ይዟት ይቀራል፤ መቅረትም አለበት። የሞተ ጉርጥ ሲያገኙ በአካፋ አውጥተው ይቅበሩት። እንቁላሉን ግን አይንኩት፤ የጉርጥ እንቁላል በክር እንደተሰካ ጥቁር ጨሌ ረጅም ሆኖ በውኃው ውስጥ ይታያል። ቆሻሻ መስሎት በመንጠቆ ጎትቶ የሚጥል አትክልተኛ ብዙ ነው።

ኩሬው ትንኝ ያራባል ወይም ተጨማሪ ጥቅም ይስጥ ብለው ቆሮሶ ወይም ዱባ አሳ ለመጨመር እንዳያስቡ፤ አሳ የተጨመረበት ትንሽ ኩሬ የእንቁራሪት ማርቢያ መሆኑ ያበቃል፤ እንቁላሉንም እጩንም ይበሉታል። ጉርጥ መንካት የቆዳ ኪንታሮት ያወጣል የሚባለው መሠረት የለውም፤ የቆዳ ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ ይመጣል። ከጆሮው ኋላ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ግን እውነተኛ መርዝ ነው፤ ዓይን ከገባ ያቃጥላል፣ ጉርጥ የነከሰ ውሻም ይታመማል። ልጆች ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ውሻዎ በእነዚህ ጥቂት ምሽቶች ታስሮ ይደር።

ኒውት የመግዛቱን ነገር በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው፤ ኩሬው ውስጥም፣ ቤት ውስጥም። ብዙ ሰው «አገራችን ሞቃት ናት፤ ቢጨመርም ይሞታል» ብሎ ያስባል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሌሊቷ ብርዳም፣ ውኃዋ ቀዝቃዛ አገር ናት፤ ለኒውት የሚስማማው ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ሰው የለቀቀው ለስላሳ ኒውት በአውስትራሊያ ሜልቦርን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የአልፕስ ኒውት ደግሞ በኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 በዱር ሲራባ ተገኝቷል። ሁለቱም አገሮች ከዚያ በፊት አንድም ሳላማንደር አልነበራቸውም፤ እንደ እኛው ማለት ነው። ኒውት የእንቁራሪት እንቁላልና ትንንሽ እጭ ይበላል።

ከዚህ የባሰው ግን ዓይን የማያየው ነው። የእንቁራሪት አስተኔዎችን ቆዳ የሚያጠቃው ካይትሪድ የሚባለው ፈንገስ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በሳይንስ ስም ከወጣለት ወዲህ በብዙ አህጉራት ለበርካታ ዝርያዎች መጥፋትና መመናመን ምክንያት መሆኑ ታውቋል፤ በኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪቶች ላይም ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሳላማንደሮችን የሚገድለው ሁለተኛው የፈንገሱ ዓይነት ታወቀ፤ ከእስያ ወደ አውሮፓ የገባው በቤት እንስሳት ንግድ እንደሆነ ይታመናል። ጤነኛ የሚመስል ኒውት ፈንገስ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል፤ የታሸገበት ውኃ ራሱ አስተላላፊ ነው። በሌላ አገር የማይገኙ እንቁራሪቶች ባሉበት ደጋ ላይ ይህን ዕድል መሞከር ለአንድ ቪዲዮ ብሎ የማይከፈል ዋጋ ነው። በተጨማሪ አንዳንድ ኒውቶች ቆዳቸው ገዳይ መርዝ አለው፤ በአሜሪካ ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ ወጣት ሻካራ ቆዳ ያለውን ኒውት በውርርድ ውጦ ሞቷል። ሻጩ የትኛውን ዝርያ እንደሚሸጥ እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ልጁ ቢገዛም የሚመኘውን ላያይ ይችላል። የአውሮፓ ኒውት ጉትያውን የሚያወጣው ረጅም ብርዳም ክረምት አሳልፎ፣ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አያንስም፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩልም ብዙ አያልፍም። ጌጡን ያላወጣ፣ ለሴቷም ግድ የሌለው፣ መስታወት ውስጥ ተጋድሞ ትል የሚጠብቅ ቡናማ ፍጡር ይዞ ይቀራል።

በምትኩ የሚያየው ነገር እደጁ አለው። የኢትዮጵያ ደጋ ረግረጎች ላይ ረጅም እግር ያላቸውና ቀስት እንደለቀቀው የሚዘልሉ የሣር እንቁራሪቶች፣ በዛፍ እንቁራሪት ወገን ተመድበው ሳለ ዛፍ የማይወጡና መሬት ቆፍረው የሚኖሩ አረንጓዴ እንቁራሪቶች፣ በውኃ ውስጥ ሆነው የሚጮኹ ባለ ጥፍር እንቁራሪቶች ይኖራሉ። የአካባቢው ገበሬ ራቻ እያለ በአንድ ስም የሚጠራቸው እነዚህ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጩኸት አላቸው። ልጁ የዝናቡን ማግስት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ሸፍኖ ኩሬው ዳር ይቀመጥ፤ በቀይ ብርሃን እምብዛም አይደነግጡም። ድምፃቸውን በስልኩ ይቅዳ፤ ማን ከየት እንደሚጮኽ፣ ሴቷ በየትኛው ወንድ አጠገብ እንዳለፈችና የቱ ጋ እንደቆመች ይጻፍ። ከሌላ ረግረግ፣ ከገፈርሳም ይሁን ከለገዳዲ፣ እጭ ወይም እንቁላል ይዞ መጥቶ እዚህ አይጨምር፤ ፈንገሱ የሚዛመተው እንዲህም ነው። ቦት ጫማውንና ባልዲውን ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ሲወስድ በበረኪና አጥቦ ፀሐይ ላይ ያድርቃቸው፤ እጣቢው ግን ኩሬው አጠገብ አይፈሰስ።

መውጫውን ለመሥራት ግንቦት አጋማሽ ጥሩ ጊዜ ነው፤ የበልጉ ውኃ ጎድሎ፣ የኩሬው ወለል ለመርገጥ ያመቻል። ማዳበሪያዎቹን ሲደረድሩ ከሥር ያለው ጂኦሜምብሬን እንዳይታጠፍ አንድ ሰው ይያዝልዎ።